ለባለቤቱ ተነግሮት ከነበረ

በሬ ሰው ወግቶ ሲገድል ኦሪት ሁለት ዓይነት ፍርድ አለው። በዘጸአት ምዕራፍ 21 እንደተደነገገው፣ ከዚያ በፊት ወግቶ የማያውቅ ከሆነ በሬው በድንጋይ ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። በሬው ወጊ መሆኑ ቀድሞ ታውቆ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት፣ እሱ ግን ሳይጠብቀው ቀርቶ ከሆነ ባለቤቱም በነፍሱ ይጠየቃል። በሁለቱ ፍርዶች መካከል በሬው አልተለወጠም፤ ቀንዱም ጉልበቱም ያው ነው። የተለወጠው ባለቤቱ የሚያውቀው ነገር ነው። በጎንደርና በአካባቢው እያረሱ የኖሩት ቤተ እስራኤል ይህን ሕግ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው በሚኖሩባቸው እንደ ራማት የዲዲም ባሉ የእስራኤሏ ናታንያ ሰፈሮች የሚያርስ በሬ የለም፤ የብድር ጥያቄ የሚመዝን፣ የሥራ ማመልከቻ የሚያጣራ፣ በስልክ ላይ ማን ምን እንዲያይ የሚመርጥ ሶፍትዌር ግን አለ። አንድ ነገር ሲበላሽ የሚሰጠው ምላሽም የታወቀ ነው፤ «ኮምፒውተሩ ነው» ይባላል። እኔ ግን ይህ ምላሽ ተቀባይነት እንደሌለው የበሬው ሕግ በግልጽ ያስረዳል ብዬ አምናለሁ። ማሽኑ ያደረገውን ከመመርመር አስቀድሞ፣ ማን ያውቅ ነበር፣ ለማንስ ተነግሮ ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ይህን ከቢሾፍቱው አደጋ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019 ጠዋት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ስድስት ደቂቃ ያህል በአየር ላይ ቆይቶ ተከሰከሰ፤ 157 ሰዎች አለቁ። ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኑ ኤምካስ የተባለ፣ ያለ አብራሪው ትእዛዝ የሚሠራ ሥርዓት ነበረው፤ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ብሏል ብሎ ሲገምት ወደ ታች ይደፋዋል። መረጃውን የሚወስደው ከአንድ መለኪያ ብቻ ነበር። በዚያ ጠዋት የግራው መለኪያ 74 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15 ገደማ ያሳይ ነበር፤ ሥርዓቱ የተሳሳተውን አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ደፋው። አብራሪዎቹ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያውን አጥፍተው በእጅ በሚዞረው ጎማ ሊያቀኑት ሞከሩ፤ በዚያ ፍጥነት ጎማው አልዞር አላቸው። ነገር ግን ይህ በሬ መጀመሪያ የወጋው ቢሾፍቱ ላይ አልነበረም። አምስት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 29 ቀን 2018፣ ይኸው ሥርዓት የላየን ኤርን አውሮፕላን ከ189 ሰዎች ጋር ኢንዶኔዥያ አጠገብ ባሕር ውስጥ ከቶት ነበር። ከዚያም በፊት፣ በ2012፣ አንድ የቦይንግ የሙከራ አብራሪ በሲሙሌተር ላይ ሥርዓቱ ያለ ቦታው ሲነሣ ለመቆጣጠር ከ10 ሰከንድ በላይ ፈጅቶበት፣ ሁኔታው አውሮፕላን የሚያጠፋ ነው ብሎ ነበር። ከላየን ኤር አደጋ በኋላ ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ሥርዓቱ ካልተስተካከለ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ አስልቶ ነበር። አውሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን አላቆሙም። ለባለቤቱ ተነግሮት ነበር ማለት ነው።

አብራሪዎቹስ? የሚል ይኖራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም የኢትዮጵያው የመጨረሻ ሪፖርት ለአብራሪዎቹ አሠራር በቂ ቦታ አልሰጠም ብሎ ተከራክሯል። ይህ መታየት ያለበት ጥያቄ ነው፤ ባለቤቱን ግን ነጻ አያወጣም። በኦሪቱ ሕግ በሬውም ይወገራል፣ ባለቤቱም ይጠየቃል፤ የአንዱ ጥፋት የሌላውን አይሽርም። በዚያ ላይ ከላየን ኤር አደጋ በፊት አብራሪዎች ከሚማሩበት መመሪያ ኤምካስ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። የተነገረውንና የተደበቀበትን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርድ ማጣመም ነው። ኦሪት ለወጊ በሬ ባለቤት አንድ መውጫ ይተዋል፤ ካሳ ከተጣለበት ነፍሱን በካሳ ይዋጃል። ካሳው የሚመጣው ግን ባለቤቱ ጥፋተኛ ሆኖ ከቆመ በኋላ ነው። ቦይንግ በ2021 ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ባደረገው የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ማታለሉ የሁለት የቴክኒክ አብራሪዎች ሥራ ተደርጎ ቀረበ፤ ከእነሱ አንዱ ተከሶ በ2022 ነጻ ወጣ፤ ከኩባንያው የበላይ ኃላፊዎች አንድም ሰው በወንጀል አልተከሰሰም። ገንዘቡ ወጣ፣ ባለቤቱ አልቆመም። የሟች ቤተሰቦች ለዓመታት ፍርድ ቤት የተመላለሱት ይህንን አንቀበልም ብለው ነው፤ እውነትም ከእነሱ ጋር ናት።

ኤምካስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አይደለም፤ የሰው ትእዛዝ የሚፈጽም ፕሮግራም ነው፤ ከልምድ ራሱ የሚማር ሥርዓት ግን ሌላ ነው ይባል ይሆናል። እንግዲያው የባሕር ዳርን ጉዳይ እንይ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ትግራዋይ ነበሩ። በኦክቶበር 2021 ስማቸውና ፎቷቸው ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ በኖቬምበር 3 በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው አመልክቶ እንደነበረ በክሱ ላይ ቀርቧል። የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን ደግሞ ከግድያው አንድ ወር ገደማ ቀድማ፣ ኦክቶበር 5 ቀን፣ በአሜሪካ ሴኔት ፊት የኢትዮጵያን ስም ጠርታ፣ ብዙ ምላሽ የሚያገኘውን ጽሑፍ ወደ ላይ የሚያወጣው አሠራር የብሔር ግጭትን እያራገበ ነው ብላ መስክራለች። ጽሑፉን የጻፈው ሰው፣ ጥይቱን የተኮሰው ሰው በራሳቸው ይጠየቃሉ። ለብዙዎች እንዲደርስ የመረጠው ሥርዓት ባለቤትስ? ለእሱም ተነግሮታል።

እዚህ ላይ የኦሪቱ ሕግ ሳይናገር ታሳቢ ያደረገው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። «በሬህ ይወጋል» ሊል የሚሄድ ጎረቤት የባለቤቱን ደጅ ያውቃል፤ ባለቤቱም ፊት አለው። የዛሬው ባለቤት ደጅ የለውም። ያለው የሚሞላ ቅጽና ማን እንዳነበበው የማይታወቅ መልስ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚቀበል ሰው እንዳይኖር አድርጎ ሥርዓትን ማቆም፣ እንደኔ እምነት፣ ከጉዳቱ በፊት የተፈጸመ ጥፋት ነው፤ «አላወቅሁም» ለማለት አስቀድሞ መዘጋጀት ነውና።

ብርቱ የሆነው ተቃውሞ ከሠሪዎቹ የሚመጣ ነው። ሞዴሉ ለምን እንዲህ እንደመለሰ እኛም አናውቅም፤ ያልታወቀን ነገር ማን ያስጠነቅቃል? ይላሉ። ለዚህ የበሬው ሕግ ብቻውን አይበቃም፤ ዘዳግም ምዕራፍ 22 ይጨመርበታል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ማንም እስኪወድቅ አይጠበቅም፤ ሰው ጣሪያ ላይ እንደሚወጣና ከከፍታ እንደሚወድቅ ይታወቃልና። አንድ ሥርዓት ሊገመት የማይችል መሆኑ ከታወቀ ያው እውቀት ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

እጅ በዝቷል፣ ስለዚህ ተጠያቂውን መለየት አይቻልም የሚለውን ደግሞ በእስራኤል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያለ ማሽንም ቀምሰውታል። በጃንዋሪ 1996 የእስራኤል የአምቡላንስና የደም አገልግሎት ድርጅት የሆነው ማገን ዴቪድ አዶም የእነሱን ደም ተቀብሎ በስውር ያስወግድ እንደነበር ሲጋለጥ፣ ደሙን የቀዳው መመሪያ ነበረው፣ የደፋውም መመሪያ ነበረው። ብዙ ሺህ ሰው ኢየሩሳሌም ወጥቶ ተቃወመ፤ በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። በዲሴምበር 2013 ግን ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ የእስራኤል ፓርላማ (ክኔሴት) አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ በዚያው በክኔሴት ደም ልስጥ ብላ በመመሪያው ምክንያት ተከለከለች። ወደ አሥራ ስምንት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ መመሪያው ባለቤት አልተገኘለትም። ነገ ይህን መሰል መመሪያ ሶፍትዌር ውስጥ ቢቀመጥ፣ መኖሩን የሚያይ ሰው እንኳ አይኖርም።

ይህ ሁሉ ጥበቃ ወጪ ያበዛል፣ ሥራ ያዘገያል ማለት እውነት ነው። በሬ መጠበቅም ወጪ ነበረው፤ ኦሪት ግን በወጪ ያሳበበን ባለቤት አላለፈም። በኤፕሪል 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፕሮፌሰር መዓረግን ጉዳይ ጨምሮ በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ የቀረበውን ክስ ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል፤ ኩባንያው የአሜሪካ ነኝ፣ ኬንያ ውስጥ አልከሰስም ብሎ ነበር። ናታንያ ላይ የሚጠየቀው ከዚህ ይቀላል። ለአንዲት አዛውንት «ሥርዓቱ አልፈቀደም» የሚል ደብዳቤ የሚልክ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ውሳኔውን መለወጥ የሚችለውን ሰው ስምና ስልክ ከደብዳቤው ግርጌ ያስፍር፤ ቅሬታዋን በአማርኛ ብታቀርብም ይቀበላት፣ የተቀበለበትን ቀን ጽፎ ቅጂውን በእጇ ይስጣት።