በሞት አፋፍ ላይ ላለ ሕመምተኛ ስለሚገባው አደራ

ምስጋና የሰው ሁሉ ዕድሜ በእጁ ለሆነው ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

ወንድሜ ሆይ፣ ሰው ሁሉ ሟች መሆኑን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን ሞት በሩቅ ሳለ የምናውቀውን ነገር በደጃፋችን ሲቆም እንዘነጋዋለን። አባት ወይም እናት በማይድን ደዌ በተያዙ ጊዜ በብዙ ቤት የሚሆነው ይህ ነው፤ ሐኪሙ እውነቱን ለታላቁ ልጅ ለብቻው ይነግረዋል፤ ልጁም ለወንድሞቹ ያንሾካሹካል፤ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ሳይሰማ የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ሕመምተኛው ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ እርሱ ይመከራል እንጂ ከእርሱ ጋር አይመከርም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ለሞት የተቃረበ ሰው በራሱ ነገር ላይ ቃል አለውን? ወይስ ፍቅራችን ቃሉን ከአፉ ሊወስድበት ይገባልን?

አስቀድመን ስለ ሕክምና እንመልከት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለደዌ መድኃኒት እንዳለው አስተምረው እንታከም ዘንድ አዘዋል። ይሁን እንጂ በሚጥል በሽታ የምትሠቃይ አንዲት ሴት ዱዓ እንዲያደርጉላት በለመነቻቸው ጊዜ፣ ብትታገሥ ጀነት እንደሚሆንላት፣ ብትፈልግም ለመዳኗ አላህን እንደሚለምኑላት ነግረው ምርጫውን ለእርሷ ተዉላት። እርሷም ትዕግሥትን መረጠች፤ በሕመሟ ጊዜ ሰውነቷ እንዳይገለጥ ብቻ ዱዓ ለመነች። ከአራቱ መዝሀቦች አብዛኞቹ ሊቃውንትም መታከምን የተፈቀደ ወይም የተወደደ አሉት እንጂ በሁሉ ላይ ግዴታ አላደረጉትም። ዓለም አቀፉ የእስላም ፊቅሕ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 በጅዳ ባደረገው ጉባኤ፣ ሕክምናን መተው ነፍስን የሚያጠፋ ወይም በሽታውን ወደ ሌላ ሰው የሚያሻግር በሆነ ጊዜ መታከም ግዴታ ነው ሲል ወሰነ። በዚያው ውሳኔ ግን አእምሮው የተሟላ ሕመምተኛ ሲታከም ፈቃዱ እንደሚያስፈልግ ደነገገ።

ስለዚህ ፈቃድ ነገር የነቢያችንን የመጨረሻ ሕመም አስብ። ኡሙል ሙእሚኒን ዓኢሻ እንዳወሩት፣ ሕመሙ በጸናባቸው ጊዜ ቤተ ሰቦቻቸው በአፋቸው ጥግ መድኃኒት ሊያደርጉላቸው ጀመሩ። እርሳቸውም እንዲተዉ በምልክት ከለከሏቸው። ቤተ ሰቦቻቸው ግን ክልከላውን ሕመምተኛ ለመድኃኒት ያለው ጥላቻ ነው ብለው ገምተው ሰጧቸው። ሲሻላቸው፣ ከልክለዋቸው ሳለ ስለ ምን እንዳደረጉት ጠየቋቸው፤ በስፍራው ካልነበሩት ከአጎታቸው ከዐባስ በቀር፣ በቤቱ የነበረ ሁሉ ያንኑ መድኃኒት እንዲወስድ አዘዙ። ልብ በል፤ ይህን ያደረጉት ጠላቶች አልነበሩም፤ ነፍሳቸውን ሊሰጡላቸው የሚወዱ ነበሩ። ፍቅራቸው ግን የሕመምተኛውን ቃል ለማለፍ ምክንያት ሆኖ አልተቆጠረላቸውም።

ሰው ቃል እንዲኖረው ደግሞ እውነቱን ማወቅ አለበት። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ በ23 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ644) በመዲና በሱብሕ ሰላት ላይ ሳሉ በስለት ተወጉ። የጠጡት ወተት በቁስላቸው ሲወጣ ያየው ሐኪም ኑዛዜያቸውን እንዲያደርጉ ነገራቸው። ዑመር አልተቆጡትም፤ እውነተኛነቱን መሰከሩለት። ከዚያም ልጃቸው ዐብደላህ ዕዳቸውን እንዲቆጥር አዘዙ፤ ቢቆጠር 86,000 ያህል ሆነ፤ ከየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈልም ተናገሩ። ኸሊፋን የሚመርጡ 6 ሰዎች ሰየሙ፤ ከሁለቱ ባልደረቦቻቸው አጠገብ ለመቀበርም የዓኢሻን ፈቃድ አስጠየቁ። ሐኪሙ ዝም ብሏቸው ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ሥራ በቀረቻቸው ጥቂት ጊዜ ሊፈጽሙት በምን ያውቁ ነበር?

ነጋዴ ወንድሜ ሆይ፣ ይህ ነገር አንተን ከሁሉ ይልቅ ይነካሃል። በቃል ብቻ የተሰጠ ዱቤ፣ ያለ ምስክር የተቀመጠ የሰው አደራ፣ ከሸሪክ ጋር ያልተተሳሰበ ሒሳብ ስንት አለ! ዕዳ ውርስ ሳይከፈል አስቀድሞ የሚወጣ ነው፤ ያልታወቀ ዕዳ ግን ማን ይከፍለዋል? ነቢያችን ለሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ኑዛዜ ከንብረት ሲሶ እንዳያልፍ፣ ሲሶውም ብዙ እንደ ሆነ አስተማሯቸው። በሞት ሕመም ላይ የሚደረግ ስጦታም በሊቃውንት ዘንድ እንደ ኑዛዜ ከዚሁ ሲሶ ይቆጠራል። እውነቱ የተሰወረበት አባት ይህን ሁሉ ሳይፈጽም፣ የተጣላውንም ሳይታረቅ ይሄዳል፤ ልጆቹም ከቀብር መልስ በሒሳብ ይጣላሉ።

ምናልባት፣ «እውነቱን ብንነግረው ተስፋው ይቆረጣል፤ ከቀኑ በፊት ይሞትብናል» ትለኝ ይሆናል። ይህ ከርኅራኄ የመጣ ሐሳብ ስለ ሆነ አልንቀውም። ነገር ግን ዕድሜ የተወሰነ መሆኑን የምታምን አንተ፣ ቃል ዕድሜን ያሳጥራል ብለህ ትፈራለህን? ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ የልጆቹን ዐይን አይቶ ነገሩን ያውቀዋል፤ እነርሱን እንዳያሳዝን እርሱም ይደብቃቸዋል። እንግዲህ ምን ያህል ሊያውቅ እንደሚወድ አስቀድመህ በለሰለሰ ቃል ጠይቀው። ላውቅ ቢል በጥቂት በጥቂቱ ንገረው፤ አልወድም ቢል ይህም ቃሉ ነውና አክብርለት፤ ስለ ዕዳውና ስለ አደራው ብቻ ሳትጠይቀው አትለፍ።

ሕመምተኛው መናገር ከማይችልበት ደረጃ ደርሶ በመሣሪያ የሚተነፍስ በሆነ ጊዜ ሌላ ፍርሃት ይነሣል፤ መሣሪያውን ማንሣት መግደል ነውን? የፊቅሕ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1986 በዐማን፣ የአንጎሉ ሥራ ፈጽሞ መቆሙንና የማይመለስ መሆኑን ባለሙያ ሐኪሞች ሲወስኑ፣ ልቡ በመሣሪያው ኀይል ቢመታም እንኳ መሣሪያውን ማንሣት የተፈቀደ እንደ ሆነ ወሰነ። በሳዑዲ ዐረቢያ ያለው ቋሚ የፈትዋ ኮሚቴም በ1409 ዓመተ ሂጅራ፣ 3 የታመኑ ባለሙያ ሐኪሞች ማነቃቂያ መሣሪያ እንደማይጠቅመው ከተስማሙ መሣሪያውን መጠቀም አያስፈልግም ሲል መለሰ። ሥቃዩን ለማሳጠር ብሎ በመርፌም ሆነ በሌላ ነገር ነፍሱን ማጥፋት ግን ሐራም ነው፤ ሕመምተኛው ራሱ ቢለምንም አይፈቀድም። የማይጠቅመውን ትቶ አላህ የወሰነውን መጠበቅ ሌላ ነው፤ መግደል ሌላ ነው።

መድኃኒቱ ተተወ ማለትም ሕመምተኛው ተተወ ማለት አይደለም። ያ የ1992ቱ ውሳኔ ፈውስ ቢጠበቅም ባይጠበቅም ሕመምተኛውን መንከባከብና የነፍሱንም የሥጋውንም ሥቃይ ማቅለል እንደሚገባ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 የካንሰርን ሥቃይ ከቀላል ማስታገሻ እስከ ሞርፊን በደረጃ ለማስታገስ የሚያስችል መመሪያ አውጥቷል። ሐኪም ለሥቃይ በልክ ያዘዘውን ማስታገሻ ስካር ነው ብለህ አትከልክለው። ጎኑ እንዳይቆስል አገላብጠው፤ ከንፈሩን በውኃ አርጥብለት፤ ንጽሕናውን ጠብቅለት፤ ሰላቱን በተቻለው መጠን፣ ተኝቶም ቢሆን በምልክት እንዲሰግድ አግዘው። ሸሃዳን ስታስታውሰው በቀስታ ይሁን፤ አንድ ጊዜ ካለው በኋላ ሌላ ነገር ካልተናገረ አትደጋግምበት፤ ሊቃውንት ሕመምተኛውን ማስጨነቅን ጠልተዋልና።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ በጤናህ ሳለህ ዕዳህንና አደራህን ጽፈህ አስቀምጥ፤ ስለ መጨረሻ ሕመምህ ምን እንደምትወድም ለባለቤትህና ለልጆችህ ንገራቸው። ወላጅህ የታመመ እንደ ሆነ፣ ሐኪሙን ከጠየቅህ በኋላ ወደ አልጋው ተመለስና ወላጅህንም ጠይቀው። በሕይወቱ ዘመን ቤቱን በቃሉ ያስተዳደረ ሰው፣ በመጨረሻዋ ሳምንቱ በገዛ ቤቱ ቃል አልባ ሊሆን አይገባውም።

አላህ ፍጻሜያችንን ያሳምርልን፤ ሕመምተኞቻችንንም ያሽርልን፤ አደራን ከሚጠብቁት ጋር ይደምረን። አሚን።