ልጆቻችንን ፊደል ላስቈጠሩ መምህራን

ልጅን የማስተማር ግዴታ አስቀድሞ የተጣለው በወላጅ ላይ ነው። መምህር የሚቆመው በእኛ ፈንታ ነው፤ እኛ በሥራ ብዛት ወይም በዕውቀት ማነስ ልንሸከመው ያልቻልነውን ሸክም ይሸከምልናል። እንግዲህ ለዚህ ሰው ደመወዙ ከተከፈለ በኋላ የሚቀርብን ዕዳ አለን ወይስ የለንም?

በጥንት ዘመን በአንኮበርና በደብረ ብርሃን አውራጃ ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር። ሕፃኑ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ሀሁንና አቡጊዳን ይቈጥራል፤ ቀጥሎም መልእክተ ዮሐንስን በየንባብ ዐይነቱ ይወጣዋል። ዳዊት በደገመ ጊዜ ወላጆቹ ድግስ ደግሰው መምህሩን ያከብራሉ፤ እንደ ዐቅማቸውም ይሸልማሉ። ክፍያና ምስጋና ገና አልተለያዩም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ካቋቋሙ ወዲህ ግን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እየበዙ ሄዱ፤ ለመምህሩም የወር ደመወዝ ተቈረጠለት። በከተማችን በደብረ ብርሃንም መምህራን የሚሠለጥኑበት ቤት ከተከፈተ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ሠራተኛ ያለ ዋጋ ሊሠራ አይገባውምና። ዳሩ ግን ከደመወዙ ጋር አንድ ስሕተት ተከትሎ መጣ፤ ወላጅ «ተከፍሎታል» እያለ ራሱን ከምስጋና ነጻ ማውጣት ጀመረ።

ቅዱስ ሉቃስ ስለ ዐሥሩ ለምጻሞች የጻፈውን እናስታውስ። ጌታችን ዐሥሩንም ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ አዘዛቸው፤ በመንገድ ሳሉም ነጹ። ሊያመሰግን የተመለሰው አንድ ሳምራዊ ብቻ ነበር። ብዙ ጊዜ ዘጠኙን ክፉዎች አድርገን እናስባቸዋለን። እኔ ግን ክፋት አይታየኝም፤ የታዘዙትን ለመፈጸም ሄደዋልና። የጐደላቸው ሌላ ነገር ነው፤ ትእዛዝን መፈጸም ምስጋናን የሚተካ መሰላቸው። ጌታችን ግን ዘጠኙ የት እንዳሉ ጠየቀ።

ተማሪው ራሱ ዕዳውን በሥራው ሊከፍል ይችላል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙበት፤ እርሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ሥራውን ተረክበው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ወላጅ ግን ይህ መንገድ የለውም። ተነሥቶ መሄድ፣ በአፉም መናገር አለበት።

እኔ ከዘጠኙ ነበርሁ። ልጄ ከዩኒቨርሲቲ በተመረቀች ጊዜ ድግስ ደገስሁ፤ ዘመድ ወዳጁን ሁሉ ጠራሁ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ልጄ «አባባ፥ እትዬን ለምን አልጠራናቸውም?» ብላ ጠየቀችኝ። እትዬ የምትላቸው በአንደኛ ክፍል ያስተማሯት እናት ናቸው። እኔ ስማቸውን እንኳ ረስቼው ነበር።

በማግሥቱ በደብረ ብርሃን የጧት ብርድ ተያይዘን ወደ ቤታቸው ሄድን። ጡረታ ከወጡ ቈይተዋል። ልጄን እንዳዩ ዐወቋትና «አሁን ዘለው ቢጠይቁሽ ታነቢያለሽ?» ብለው ሳቁ። ነገሩ ስላልገባኝ ጠየቅኋቸው። ልጄ ሀሁን ከዳር እስከ ዳር እንደ ውሃ ታወርደው ነበርና እኔ በቤት ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ የያዘችው በቃሏ ብቻ ኖሯል፤ መምህሯ ከመካከል አንዱን ፊደል ነጥለው ባሳዩአት ጊዜ አላወቀችውም። ስለዚህ ሌሎቹ ልጆች ለዕረፍት ሲወጡ እርሷን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ገበታውን በወረቀት ሸፍነው አንዲቱን ፊደል ብቻ እያሳዩ፣ ፊደሏን ለይታ እስክታውቅ ድረስ ብዙ ሳምንታት ደክመዋል። ያ የዕረፍት ሰዓት የእርሳቸው ነበር፤ በደመወዛቸው ውስጥ አልተቈጠረም። እኔም አባቷ ሳልሆን ልጄ ማንበብ አለመቻሏን ያወቁት እርሳቸው ናቸው።

ልጄ ጐንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እኔም 16 ዓመት ያዘገየሁትን ቃል ልናገር አፌን ስከፍት «ገና አቦሉ ነው፤ በረካውን ሳትጠጡ አትሄዱም» ብለው ወደ ጀበናው ዞሩ።