ለምን ዘገያችሁ?



አንድ ቀን በሳቢያን መንገድ ዳር አንዲት የገጠር እናት በቃሬዛ ተይዛ አየሁ። ዘመዶቿ ላብ አጥምቋቸዋል። በልቤ ያልሁት፥ «እስካሁን ለምን ቆዩ?» ነው። ማታ ግን ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሣኝ። እኔ ብታመም ባጃጅ ከደጄ ያነሣኛል። በጀልዴሳ ወይም በአሰሊሶ ገጠር የሚኖር ወገናችን ግን በሽተኛውን ተሸክሞ ድንጋዩንና አሸዋውን ማለፍ፥ ከብቱን ለጎረቤት አደራ መስጠት፥ ለመጓጓዣም ፍየል መሸጥ ይኖርበታል። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ማለት ይህ አይደለምን?

እንግዲህ እንመርምር፤ በሩ ለሁሉ የተከፈተ ሐኪም ቤት ለሁሉ እኩል ነውን? አንዳንዶች «በሩ ክፍት ነው፤ የፈለገ ይምጣ» ይላሉ። ነገር ግን መንገዱ እኩል ካልሆነ የበሩ መከፈት ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። የእናቶችን ሞት ያጠኑ ሊቃውንት መዘግየትን በሦስት ይከፍሉታል፤ ለመሄድ በመወሰን፥ በመንገድ፥ ከደረሱም በኋላ ሕክምና በማግኘት። ኋለኞቹ ሁለቱ ከታማሚዋ ፈቃድ ውጭ ናቸው። የፊተኛውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ርቀቱንና ወጪውን ከመፍራት ይመጣል። ስለዚህ ድኻውን «ቸልተኛ» ማለት በደል ላይ በደል መጨመር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰቡ መንግሥታት ጤና ሰዎች ወደሚኖሩበትና ወደሚሠሩበት ስፍራ እንዲቀርብ ተስማምተዋል። በአገራችንም በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በገጠር ቀበሌዎች ጤና ኬላ አቋቁሞ፥ ከየአካባቢው የተመረጡ ወጣት ሴቶችን አሠልጥኖ ቤት ለቤት አሰማራ። በዚህም ክትባትና የእርጉዞች ክትትል ወደ መንደር ቀረበ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ጤና ኬላ ቀዶ ጥገና አያደርግም። ምጥ የጠናባት እናት ዛሬም ወደ ከተማ መውረድ አለባት፤ አምቡላንስም መኪና በማይገባበት አይደርስላትም።

ወንድሞችና እህቶች፥ መንገድ መጥረግና ሐኪም መመደብ የመንግሥት ድርሻ ነው። የእኛስ? በዙሪያችን ያለው ገጠር የሚናገረው ኦሮምኛና ሶማልኛ ነው። ከመካከላችን እነዚህን ቋንቋዎች የሚያውቅ ሞልቷል። ከሐኪም ቤት ደጅ ግራ ለተጋባ እንግዳ ቃሉን ማስተርጐም፥ ወደሚፈልገው ክፍል መምራት፥ ደም ለሚያስፈልገው መለገስ ገንዘብ አይጠይቅም። ቃሬዛ ስናይም «ለምን ዘገያችሁ?» ከማለታችን በፊት አንዱን ጫፍ እንያዝ።