ነብር የጎደለው ልጅ

በሰበታ አንድ ባለሱቅ ነበረ አሉ። ማስቲካው አልሸጥ ብሎ አቧራ ሲለብስበት ዘዴ መጣለት፤ በየመጠቅለያው ውስጥ የወጨጫ ጫካ አውሬዎችን ሥዕል ከተተ። ዐሥር ዓይነት ነው። ጉሬዛውን በሽ በሽ አደረገና ነብሩን አሳነሰው።

የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የዳቦውን ሳንቲም ይዞ ሱቁ ደጃፍ ተኮለኮለ። መጠቅለያውን ገልጠው ሥዕሉን ያወጣሉ፣ ማስቲካውን ይጥላሉ። ያልታኘከ ማስቲካ መንገደኛው ጫማ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረ።

አንዱ ልጅ ዘጠኙን ሞልቶ ነብሩ ቀረው። ማታ አያቱ ዘንድ ገብቶ፣

«እማማ፣ ሳንቲም ይስጡኝ፤ ነብር ጎደለኝ» አላቸው።

«ኧረ በስመ አብ! ነብር ጎደለኝ የሚል ሰው ዛሬ ገና ሰማሁ» አሉ። «እኛ ሱባ ጥግ ፍየል ስንጠብቅ ነብር እንዳይመጣብን ነበር የምንሳለው። ጉሬዛውስ ቢሆን እዚያ ጥዱ ላይ በነጻ ሲዘል አይደል እንዴ የሚውለው?»

ሳንቲሙን ግን ሰጡት፤ አያት አይደሉ!

በማግሥቱ ነብሩ ወጣለት። እስከ ምሳ ሰዓት ሰፈሩን ዞሮ አሳየ። ከሰዓት በኋላ ባለሱቁ አዲስ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «ዐሥር የጫካ ወፎች! ንስሩ ለማን ይወጣ ይሆን?»

ባለሱቁ ያተረፈው ከጉድለቱ ነው። ዘዴው ግን የእሱ አይደለም። በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አለን ኤንድ ጊንተር የተባለው የአሜሪካ ሲጋራ አምራች፣ ስሱ ፓኮ እንዳይጨማደድ በሚከተው ካርቶን ላይ ቦክሰኛና ወፍ እያተመ በ50 በ50 አወጣ። አጫሹ ሃምሳውን ለመሙላት ከዚያው ፓኮ አይወጣም፤ ገና ያላጨሰ ልጅም አላፊ አግዳሚውን ካርድ ይለምናል። ከ1909 ጀምሮ በሲጋራ ፓኮ የወጣው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ ጥቂት ብቻ ስለተሰራጨ፣ አንዱ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሲጋራው ያኔውኑ ጭስ ሆኗል።

በእኛ አገር ነብሩ ቆርኪ ሥር ነበር። መኪና ይወጣልኛል ብሎ ያልጠማውን የሚጠጣ፣ ቆርኪውን በጥፍሩ ፍቆ «እንደገና ይሞክሩ» የሚያነብ ስንቱን አይተናል! በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥን በዕጣና በሽልማት ማስተዋወቅን ከለከለ። አዋቂውን ጠጪ ከዕጣ የጠበቀ ሕግ አውጪ፣ ዕጣው ከረሜላና ማስቲካ ውስጥ ሲገባ ልጁንም ያስብለት።