ሰኞ ጠዋት እዩት

ልጆቼ፣ አዲስ አበባ ሥራ አግኝታችሁ ቤት ፍለጋ ስትወጡ፣ ደላላው አስቀድሞ የሚያሳያችሁ ሴራሚኩን ነው። እናንተ ግን መንገዱንና ውሃውን አስቀድሙ።

እኔ ጡረታ ሳልወጣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የተከራየሁት እሁድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አይቼ ነበር። መንገዱ ጭር ብሏል፣ ቤቱ ፀሐይ ይገባዋል፣ ዋጋውም ቦሌ ከጠየቁኝ በብዙ ይቀንሳል። ሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሜክሲኮ የሚሄደውን የታክሲ ሰልፍ ሳይ ግን እግሬ ከዳኝ። ሰልፉ ሱቁን አልፎ ታጥፏል። በኪራይ ያተረፍኩትን በእንቅልፌና በልጆቼ ጊዜ ከፈልኩት፤ ማታ ስገባ ተኝተው ነበር የማገኛቸው።

ውሃው በፈረቃ ነው። ተራችን ሲደርስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ቀጥሎ የደፈረሰ ውሃ፣ ከዚያ ንጹሁ ይመጣል። ግፊቱ ሲደክም እኛ ፎቅ አይደርስም። ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት ታዲያ በነጠላቸው ተከናንበው ደረጃውን ይወጡና በር በሩን ያንኳኳሉ፦ «ተነሱ፣ መጥቷል!» ጀሪካናችንን ይዘን ወርደን ከእሳቸው ቧንቧ እንቀዳለን። አንድም ሌሊት ሲያማርሩ አልሰማሁም። አራት ዓመት ያኖረኝ የእሳቸው ጎረቤትነት ነው።

ደላላው የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ ቢላችሁ እሺ አትበሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ግማሽ ዓመት ቀድሞ የከፈለ ሰው ሰፈሩ ቢከብደውም መውጫ ያጣል።

ሥራችሁ መገናኛ ወይም ስታዲየም አካባቢ ከሆነ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደውን የባቡር መስመር ተከትላችሁ ፈልጉ፤ ክፍሏ ብትጠብም ግዴለም። የወደዳችሁትን ሰፈር ሰኞ ጠዋት ሂዱና ሰልፉን ተሰልፋችሁ ሞክሩት። ማታም ተመለሱ፤ ከታክሲ መውረጃው እስከ በሩ መብራት መኖሩን እዩ፣ በተለይ እናንተ ሴቶች ልጆቼ። ከዚያ ጉልት ከምትቸረችረዋ ሴት ሽንኩርት ግዙና አጫውቷት። ውሃ በስንት ቀን ይመጣል አትበሏት፤ መጨረሻ የመጣው መቼ እንደሆነ ጠይቋት።