ቊስሉ ከሻረ በኋላ

በአገራችን የታመመን ሰው የመጠየቅ ልማድ እጅግ የተመሰገነ ነው። አንዲት ሴት እንቅርቷን ልታስወጣ ሐኪም ቤት በገባች ጊዜ ጎረቤቱ ምግብ ይዞ ይሄዳል፤ ዘመድ ከሩቅ ይመጣል፤ በአልጋዋም አጠገብ መቀመጫ ይጠፋል። ስፌቱ በሻረ ጊዜ ግን «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ተገላገለች» ብለን እንበተናለን። እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ቊስሉ ከሻረ በኋላ ለዚህች ሴት ያለብን ዕዳ ተከፍሎ አልቋልን?

እንቅርት በደጋው አገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን የምንተርተውም ስለዚህ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የአዮዲን እጦት ነው፤ ዝናብና ጎርፍ ከተራራማው መሬት አጥበው ይወስዱታልና። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) መንግሥታችን የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ አዘዘ። ይሁን እንጂ ለብዙ ዘመን ያደገ ትልቅ እንቅርት በጨው አይጠፋም፤ እስትንፋስን ሲያስጨንቅ ወይም ካንሰር ሲጠረጠር ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ያወጡታል።

ነገር ግን እንቅርት ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር አይደለም። ታይሮይድ የሚባለው፥ በጉሮሮ ፊት እንደ ቢራቢሮ ክንፉን ዘርግቶ የተቀመጠው እጢ አብጦ ነው። ከእርሱ የሚወጣው ሆርሞን የልብን ምት፥ የሰውነትን ሙቀት፥ የአንጀትን ሥራ፥ የአሳብን ቅልጥፍና ያዛል። እጢው ግማሹ ብቻ ከተወሰደ የቀረው ሊበቃ ይችላል፤ ሁሉም ከወጣ ግን ሴቲቱ ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን ኪኒን ዕድሜዋን በሙሉ በየቀኑ ልትወስድ ግድ ነው። ቢጐድልባት በሞቀ ቤት ትበርዳለች፤ ትረሳለች፤ ፊቷ ያብጣል፤ የወር አበባዋ ይበዛል፤ ልቧ ያዝናል፤ ከእንቅልፏም ደክማ ትነሣለች። ጠባሳዋን ነጠላዋ ይሸፍነዋል፤ ድካሟን ደግሞ ማንም አያየውም።

ይህን ዓለም የተማረው በብዙ ሴቶች መከራ ነው። ቴዎዶር ኮኸር በስዊስ አገር በበርን ከተማ እንቅርትን በማውጣት የታወቀ ሐኪም ነበረ። ቊስሉ በደኅና ስለ ሻረ ሕሙማኑ ድነው ወደየቤታቸው የሄዱ መስሎት ነበር። በኋላ ግን እጢዋን በሙሉ ስላወጣላት አንዲት ልጃገረድ፥ አካሏና አእምሮዋ እንደ ደነዘዘ ወሬ ደረሰው። ስለዚህ የቀድሞ ሕሙማኑን ጠርቶ መረመረ፤ ብዙዎቹም እንደ እርስዋ ሆነው ስላገኛቸው በ1883 ነገሩን በግልጥ አስታወቀ። በ1909 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። እኛ ከሽልማቱ ይልቅ የምናደንቀው ሰዎቹን መልሶ መጥራቱን ነው። በ1891 ደግሞ ጆርጅ መሪ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ሆርሞኑ ለጐደላት ለአንዲት የ46 ዓመት ሴት ከበግ እጢ የተጨመቀ መድኃኒት ሰጣት፤ እርስዋም እስከ 1919 ኖረች።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ባል «ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሰነፈች» ይላል፤ አማትም ታጒረመርማለች። የሚያስፈልጋት መድኃኒት ግን ለአንድ ቀን ብዙ ጊዜ 100 ማይክሮግራም ያህል ነው፤ ይህም አንድ ግራም ለ10,000 ተከፍሎ አንዱ እጅ ነው። በእርሻም በጓዳም የምንመካበት ትጋት ይህን በሚያህል ቅንጣት ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ፥ ብርቱው ሰው የብርታቱን ስንቱን እጅ «የራሴ ነው» ሊል ይችላል? አንዳንዱ ሰው ግን «እንዲህ ከሆነ ሰነፍ ሁሉ በሽታ ያመካኛል» ይለናል። የሆርሞኑ መጠን በደም ምርመራ ይለካል፤ ይመርመሩላት። ደግሞም የደሙ ልክ ደኅና ሆኖ ሳለ «ደክሞኛል» የሚሉ ሴቶች አሉ፤ እነርሱንም ልናምናቸው ይገባናል እንላለን። አምነናት ብንሳሳት የምንከስረው የተሸከምንላትን አንድ እንስራ ውኃ ነው፤ ሳናምናት ብንሳሳት ግን የታመመችውን ሴት ሰነፍ ብለን ፈርደንባታል።

ኪኒኑ የሚዋጠው በባዶ ሆድ፥ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ ነው፤ ቡና ኪኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያሰናክለዋልና። ብረትና ካልሲየም ያለበትም መድኃኒት በ4 ሰዓት ይራቅ። በማለዳ አቦሉን «ቆይ» ያለችውን ጎረቤት ኮራች አንበላት፤ ሲኒዋን እናቆይላት። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ወደ እኩሌታው ለመውረድ 7 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ያቆመች ሴት ወዲያው አይታወቃትም። ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ «ይኸው ምንም አልሆነችም» ብሎ መግዛቱን ይተዋል፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ስትደክምም ምክንያቱን የሚያስታውስ አይገኝም።

ሁለት ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ከታይሮይድ ጀርባ ያሉት አራት ትናንሽ እጢዎች በቀዶ ሕክምናው ከተጐዱ የደም ካልሲየም ይወርዳል፤ ከንፈርና ጣት ይነዝራል፤ እጅ ይኮማተራል፤ ሰውነትም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ይህን መንፈስ ነው ብሎ እቤት ማቆየት ለሞት ያደርሳል፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል። ያረገዘችም እንደ ሆነ ማርገዟን እንዳወቀች ሐኪሟን ታማክር፤ የኪኒኑ መጠን ብዙ ጊዜ ይጨመርላታልና፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የፅንሱ አእምሮ የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው።

ስለ ድምፅም አንድ ቃል እንጨምር። ወደ ድምፅ አውታር የሚሄዱት ጅማተ ነርቮች በእጢው አጠገብ ያልፋሉ፤ ስለዚህ አንዳንዲት ሴት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድምፅዋ ይጐረናል፤ ወይም ከፍ ያለው ዜማ ይከዳታል። ለብዙዎቹ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ለጥቂቶቹ ግን አይመለስም። በመዘምራን መካከል ስትዘምር የኖረች ሴት ዝም ብላ ወደ ኋላ ወንበር ብትሸሽ መሪው ያስተውል። ዜማውን ጥቂት ዝቅ አድርጎ ቢጀምርላት ከጉባኤው ማንም አያውቅበትም።