የቦዩ ዋስ

በአርሞን ሃናጺቭ ታየሌት የቤተ እስራኤል የስግድ በዓል ጾም ተፈታ። ቄሶቹ ባለቀለም ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ኦሪቱን አጅበው ጸሎቱን ጨርሰዋል፤ ከታች አሮጌዋ ኢየሩሳሌም ትታያለች። ዳቦው ሲታደል አንዲት ሴት ድርሻዋን ይዛ ዝም አለች። ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። አባታቸው ቀለብ እንዲሰጥ ተፈርዶበታል፤ እምቢ ሲል በሆጻኣ ለፖዓል፣ በፍርድ ማስፈጸሚያው በኩል፣ ደመወዙ ላይ ኢኩል፣ የእግድ ትዕዛዝ፣ ወጣ። ትዕዛዙ ለአሠሪው ከደረሰ አራት ወር ሆነው። አንድ ሼቄል አልተቆረጠም።

«በየሳምንቱ ደጁ እሄዳለሁ አባባ» አለች፣ አጠገቧ ለተቀመጡት ሽማግሌ። «‹ከደመወዜ ይቆርጡልሽ የለም ወይ?› ይለኝና በሩን ይዘጋል።»

ሽማግሌው ዳቦአቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ልጅ ሆኜ ጎንደር፣ አምቦበር የሰማሁትን ልንገርሽ፣ ልጄ። ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ዕዳዋን የከለከላት ጎረቤትም ነበራት። ዳኛው ‹ከሰውየው የውሃ ተራ ከሦስት አንዱ ወደ እሷ ማሳ ይፍሰስ› ብሎ ፈረደ። ውሃው ግን የሚከፈለው በሌላ ሰው መሬት ላይ ነው። ያን ሰው ዳኛው ጠርቶ ‹ተራው ሲደርስ ቦዩን ወደ እሷ መልስ› አለው። እሺ ብሎ ሄደ። ሌሊቱን ግን ዶማውን አላነሳም። ክፋትም አልነበረበት ይሆናል፤ ‹የሁለት ሰዎች ነገር ነው፣ እኔ ምን አገባኝ› ብሎ ተኛ። ውሃው እንደ ድሮው ወደ ባለዕዳው ወረደ። የሴትዮዋ ሽንኩርት ቢጫ ሆነ።

«እሷም እንዳንቺ ባለዕዳው ደጅ ትመላለስ ጀመር። አንድ ማለዳ ተራውን የሚያከፋፍለው የውሃ አባት መንገድ ላይ አገኛት። ‹የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ቦዩን የያዘውን ክሰሺ› አላት።

«ሽማግሎች ተቀመጡ። ‹ትዕዛዙ ደርሶሃል?› ‹ደርሶኛል።› ‹ቦዩ በእጅህ ነበር?› ‹ነበር።› ‹ጎርፍ ናደብህ? ታመህ ነበር?› ዝም አለ። ‹እንግዲያው ያለፉት ተራዎች ከራስህ ተራ ይከፈላሉ።›

«ሰውየው ብድግ ብሎ ‹ዕዳው የኔ አይደለም!› አለ።

«‹አልነበረም። ትዕዛዙን ሰምተህ ከተኛህበት ሌሊት ጀምሮ ግን ዋሱ አንተ ነህ› አሉት።»

በእስራኤልም ሕጉ ከሽማግሎቹ አልራቀም። በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣው የፍርድ ማስፈጸሚያ ሕግ፣ አንቀጽ 48፣ የኢኩል ትዕዛዝ ደርሶት ያለ በቂ ምክንያት ያልፈጸመ ሦስተኛ ወገን፣ አሠሪም ይሁን ባንክ፣ ከራሱ እንዲከፍል የማስፈጸሚያው ሬጂስትራር ሊወስንበት እንደሚችል ይደነግጋል። ባለመብቷ ማመልከት አለባት፤ ትዕዛዙ መድረሱንም ማሳየት አለባት። እናቶች ባዶ እጁን የሚያሳይ ሰው በር ላይ ወራት ሲፈጁ ማየት ያመኛል። እርግማኑን ሁሉ አባትየው ላይ እናወርድና፣ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ የከተተውን አሠሪ ጨዋ ሰው ነው እንላለን። የልጆቹ ወተት የቆመው ግን በእሱ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ሴትዮዋ ትልቋን ልጇን ጠርታ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ዕብራይስጡን የምታነብላት ልጅቷ ናት።

«አሠሪው የተቀበለበት ቀን የቱ ጋ ነው?»

ልጅቷ ጣቷን ከመስመር መስመር እያወረደች አገኘችው። እናትየው ቀኑን ሁለት ጊዜ አስነበበቻት፤ ከዚያ ዳቦዋን ቆረሰች።